የብርጭቆ ነፊዋ የእትዬ አዙሪ ዕረፍት

ከእጅ ሥራ የብርጭቆ ጌጥ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማህበር የሥራ አመራር ኮሚቴ
ለማህበሩ አባላት፣ ለደንበኞቻችንና ለመላው ሕዝብ

ማህበራችንን አርባ ስምንት ዓመት ያገለገሉት፣ ከእነዚህም ውስጥ ሠላሳ አራቱን በእሳት ጠረጴዛ፣ ማለትም የጋዝ ነበልባል በተገጠመለት መሥሪያ ላይ ለገና ዛፍ የሚሰቀል የብርጭቆ ኳስ በመንፋት ያሳለፉት፣ ሁላችንም «እትዬ አዙሪ» እያልን የምንጠራቸው አንጋፋ ባልደረባችን ባለፈው ረቡዕ ጠዋት በስልሳ ሰባት ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ማረፋቸውን ስንገልጽ ሀዘናችን እጅግ ከባድ ነው። ለሞት ያበቃቸው ለረጅም ጊዜ ሲያስቸግራቸው የቆየው የሳንባ ሕመም ነው። ሲያርፉ አንዲቷ ልጃቸው አጠገባቸው ነበረች።

ሥርዓተ ቀብራቸው በማግስቱ ቤተሰባቸው፣ ጎረቤቶቻቸውና የማህበሩ አባላት በሙሉ በተገኙበት ተፈጽሟል። በዚያ ቀን ስድስቱም የእሳት ጠረጴዛዎች ጠፍተው ውለዋል። ገና ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው እሳታችን ጠፍቶ የዋለበትን ሌላ ቀን የሚያስታውስ አባል የለም።

ቅጽል ስማቸው ከየት እንደመጣ ለማያውቁ ማስረዳት ይገባል። የብርጭቆ ቱቦ እሳት ውስጥ ገብቶ ሲለሰልስ ያለማቋረጥ ካልተሽከረከረ ወደ ታች ይለጠጣል፤ የተለፋበት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ማንኛዋም ለማጅ በመጀመሪያው ቀን ከእሳቸው የምትሰማው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «አዙሪ»። ስታስነጥሺም አዙሪ፣ ሰው ሲጠራሽም አዙሪ፣ ቤትሽ ተቃጠለ ቢሉሽም መጀመሪያ ይቺን አዙረሽ ጨርሺ። አንዲት ለማጅ በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ተቀምጣ ማንኪያዋን በሁለት ጣቶቿ መሃል ሳታውቀው ስታሽከረክር ታየች። የምሳ ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ስሙም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸና። እሳቸው አልተቀየሙም። «ከዚህ የባሰም ልታወጡልኝ ትችሉ ነበር» ብለው ምሳቸውን ቀጠሉ።

ማህበሩን የተቀላቀሉት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሥራችን ያኔም የሚካሄደው ዛሬ ባለንበት፣ በጎማ ጥገናውና በፋርማሲው መካከል በሚወርደው ቁልቁለት ላይ፣ ቀድሞ የልብስ ንጽሕና ቤት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ነበር። የተቀጠሩት በአሻጊነት ነው። በዚያ ዘመን ሴት እሳት ጠረጴዛ ላይ አትቀመጥም ነበር። የከለከለ ደንብ የለም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ልማድ ነው። ወንዶቹ ይነፋሉ፤ ሴቶቹ የተነፋውን ኳስ ውስጡን በብር ውሃ እያጠቡ መስተዋት ያስመስሉታል፣ ቀለም ይነክሩታል፣ አንገቱን ቆርጠው ቆቡን ይገጥሙለታል፣ በካርቶን ያሽጉታል።

በተቀጠሩ በሦስተኛው ዓመት፣ የጊዜው ዋና ነፊ የነበሩትና ፊታቸው ከጥላሸት ተለይቶ ስለማያውቅ «ጋሽ ኩራዝ» የሚባሉት ባለሙያ በምሳ ሰዓት እግራቸውን ዘርግተው ሲያሸልቡ፣ እትዬ አዙሪ ከወለል የተለቀመ የቱቦ ቁርጥራጭ ይዘው እሳታቸው ላይ ይሞክሩ ነበር። አንድ ቀን ጋሽ ኩራዝ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «በማን ፈቃድ ነው?» አሏቸው።

«በማንም።»

«እንግዲያው ማንም እስኪከለክልሽ ቀጥይ።»

በዚያው ዓመት መጨረሻ ስድስተኛው ጠረጴዛ ባለቤት አጣ። ጋሽ ኩራዝ ሥራ አስኪያጁን ሳያስፈቅዱ ወጣቷን አሻጊ እጃቸውን ይዘው እዚያ አስቀመጧቸው። የመጀመሪያ ኳሳቸው እንቁራሪት ትመስል እንደነበር ራሳቸው ደጋግመው መስክረዋል። ሁለተኛዋ ግን ኳስ ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሴትና እሳት ጠረጴዛ የሚባል ወሬ በማህበራችን አልተነሳም።

የኳስ መጠን መለኪያ በየጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አለ። የእሳቸው ግን ስላልተጠቀሙበት ዝገት አጣብቆት ተገኝቷል፤ የሚለኩት በትንፋሻቸው ነበርና። ለትንሿ ኳስ ግማሽ ትንፋሽ፣ ለመካከለኛዋ አንድ ሙሉ፣ ለትልቋ አንድ ተኩል ይሉ ነበር። በአንድ ቀን የነፏቸው ኳሶች በተርታ ሲሰቀሉ የትኛዋ ጠዋት የትኛዋ ማታ እንደተሠራች መለየት አይቻልም ነበር። ጉንፋን ሲይዛቸው ብቻ ኳሶቹ በትንሹ ያንሱ ስለነበር የቀለም ክፍሉ «ዛሬ እትዬ ታመዋል» ብሎ ከእሳቸው ቀድሞ ያውቅ ነበር።

በአሥራ አንደኛው ዓመት ባለ ጭራዋን ወፍ ሠሩ። ጭራዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ የብርጭቆ ክር ነው። እስከ ዛሬ ከምርቶቻችን ሁሉ በብዛት የምትጠየቀው እሷ ናት።

በሃያ ሁለተኛው ዓመት የፕላስቲክ ኳስ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እኛም ወደዚያው እንሂድ የሚል ሐሳብ ለጠቅላላ ጉባኤ ቀረበ። ከተናጋሪዎቹ አንዱ ፕላስቲክ አለመሰበሩን እንደ ትልቅ ብልጫ አነሱ። እትዬ አዙሪ በስብሰባ ላይ የመናገር ልማድ አልነበራቸውም። በዚያን ቀን እጃቸውን አውጥተው የተናገሩት በቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ሰፍሯል፤ «የማይሰበር ነገር ሰው በየዓመቱ አይገዛም።» አዳራሹ ሳቀ። ሐሳቡም በሦስት ድምፅ ልዩነት ወደቀ።

በእሳት ጠረጴዛ ላይ አሥራ አራት ባለሙያ አሠልጥነዋል፤ ዘጠኙ ሴቶች ናቸው። ዛሬ ከስድስቱ ጠረጴዛዎች በአራቱ ላይ የተቀመጡት የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው። የዋና ባለሙያነት ማዕረግ ሁለት ጊዜ ተሰጥቷቸው ሁለት ጊዜ መልሰዋል። ምክንያታቸው ማዕረጉ ስብሰባ ያበዛል የሚል ነበር።

ቀጥሎ ያለው የሠላሳ ሰባተኛው ዓመት ነገር ነው። ይህ አንቀጽ ከመግለጫው እንዲወጣ ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ በአብላጫ ድምፅ እንዲቆይ ተወስኗል።

በዚያ ዓመት ልጃቸው ወደ ቢሮአችን መጣች። ልጃቸው የሆስፒታል ነርስ ናት። በእናቷ እጅ ታቅፋ ወደ ግቢያችን ስትመጣ ጀምሮ ስለምናውቃት በዚህ መግለጫ አንቱ አላልናትም፤ ይህን እንደ ንቀት እንደማትቆጥርብን እናምናለን። የእናቷን የሳንባ ራጅ በቢጫ ፖስታ ይዛ ነበር። ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ ነጩን ቦታ በጣቷ እያሳየች ለኮሚቴው አስረዳች። «ካልከለከላችኋት አትተውም። እኔን አትሰማኝም፤ እናንተን ግን ትሰማለች» አለች። የሐኪሙም ወረቀት ይህንኑ ይል ነበር፤ መንፋት ይቁም፣ ከጋዝና ከእሳት ይራቁ።

ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ወሰነ። ውሳኔው ትክክል እንደነበር ዛሬም እናምናለን። አፈጻጸሙ ግን ያሳፍረናል። ጠርተን አላነጋገርናቸውም። ሁለት መስመር ጽፈን ማህተም መታንና ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍን። እትዬ አዙሪ ጠረጴዛቸውን ማጣታቸውን ያነበቡት ጠዋት ሲገቡ፣ የምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ፣ ከሌላው ሠራተኛ ጋር ተጋፍተው ቆመው ነው። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሽርጣቸውን ከመስቀያው አውርደው በአራት አጠፉትና ሊቀመንበሩን «የት ልቀመጥ?» ብለው ጠየቋቸው። ሊቀመንበሩ ይህን አላሰቡበትም ነበር።

የተሰጣቸው ቦታ የብር ውሃ ክፍል ነው። ከእሳት ጠረጴዛዎቹ የሚለየው አንድ ግድግዳና በላዩ ያለው የመስታወት መስኮት ብቻ ነው። በዚያ ክፍል ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ኳሶቹን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ እያንቀጠቀጡ ውስጣቸው በአንድ ጊዜ ቦግ ሲል ይመለከቱ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የተጠናቀቀውን ሥራ አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ እያሉ ይለዩ ነበር። አርፍደው ገብተው አያውቁም፤ ቅሬታም አላሰሙም።

ነገር ግን አብረናቸው የዋልን እናውቃለን። ጠረጴዛቸው ጀርባቸውን ለመስኮቱ እንዲሰጡ ያስገድድ ስለነበር እሳቱን አያዩትም፤ ይሰሙታል። ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ ዞር ሳይሉ፣ «አንቺ ሦስተኛዋ፣ ጋዝሽ በዝቷል» ይሉ ነበር፤ በዝቶም ይገኛል። እጃቸው ባዶ ሲሆን እርሳስ ያነሱና በሁለት ጣታቸው ያሽከረክሩታል። በክረምት ወራት ሰው ሁሉ ሙቀት ፍለጋ ወደ እሳት ጠረጴዛዎቹ ሲጠጋ እሳቸው ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው በቦታቸው ይቀራሉ። ለምን እንደማይመጡ አንዲት ተማሪያቸው ስትጠይቃቸው «ከመጣሁ እቀመጣለሁ» ብለዋታል።

በብር ውሃ ክፍል በአምስተኛው፣ በስምንተኛውና በአሥረኛው ዓመት ለኮሚቴው ሦስት ማመልከቻ አስገብተዋል። ሦስቱም በአንድ ዓይነት ቃል የተጻፉ ናቸው፤ «አንድ ቀን፣ ለአንድ ኳስ ብቻ፣ ጠረጴዛዬ ላይ እንድቀመጥ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።» በሦስቱም ኅዳግ ላይ «ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፍ» የሚል ተጽፏል። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ አጣዳፊ ጉዳይ ነበር። የከለከላቸው ሰው የለም። የፈቀደላቸውም የለም።

ዘንድሮ ሕመማቸው ስለጠና ከቤት መውጣት አቆሙ። ከገና ሁለት ወር ቀደም ብሎ ኮሚቴው በመደበኛ ስብሰባ ላይ እያለ ልጃቸው ከነሥራ ልብሷ በሩን ከፍታ ገባች። በእጇ ቢጫ ፖስታ ነበር። አልተቀመጠችም።

«ያኔ ያስወጣኋት እኔ ነኝ» አለች። «አሁንም ሌላ ራጅ ይዣለሁ። ይኼኛው የሚያስከለክል ነገር የለውም፤ ለመከልከል ጊዜው አልፏል። ፍቀዱላት።»

ሊቀመንበሩ እትዬ አዙሪ በኦክስጅን እንደሚተነፍሱ፣ ኦክስጅንና እሳት በአንድ ክፍል ውስጥ አደጋ እንደሆነ አስታወሱ።

«አውቃለሁ፤ ሥራዬ ነው። ሲሊንደሩ ውጭ መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ያለ ኦክስጅን አሥራ አምስት ደቂቃ ትችላለች። ሰዓቱን እኔ እይዛለሁ።»

«መንፋት ይችላሉ?» አሉ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ።

«አትችልም። እኔ እነፋላታለሁ።»

ኮሚቴው በዚያ ቀን ለሚቀጥለው ስብሰባ አላስተላለፈም።

ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ እትዬ አዙሪ ከመኪና ወርደው፣ አፍንጫቸው ላይ ያለው ቱቦ ተነሥቶላቸው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ገቡ። የሁለተኛ ፎቅ ቀለም ቀቢዎች ሳይጠሩ ወርደው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። የዛሬው አሻጊያችን ባዶ ካርቶን ይዞ መጥቶ ካርቶኑን ምን እንደሚያደርግበት ጠፋው። ስድስተኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠችው ተማሪያቸው ተነሥታ ወንበሩን በሽርጧ ጠረገችላቸው።

ሲቀመጡ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ጋዙን መቀነስ ነበር። እሳቱ ሰማያዊ ሆነ። ቱቦውን አስገቡት፤ ጣቶቻቸው ማሽከርከር ጀመሩ። ቱቦው አንዴም ወደ ታች ሳይለጠጥ ዞረ። ይህን ሁላችንም አይተናል።

ከቱቦው ጫፍ ላይ ቀጭን የጎማ ቱቦ ተገጠመ፤ ሌላኛውን ጫፍ ልጃቸው በከንፈሯ ያዘች። ብርጭቆው ቀልቶ እንደ ማር ሲለሰልስ ከእሳቱ አወጡት።

«አሁን» አሉ።

ልጃቸው በኃይል ነፋች። ኳሱ በአንድ ጊዜ እንደ ሳሙና አረፋ አበጠና ፈነዳ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ብርጭቆ በአየር ላይ ተንሳፎ ሽርጣቸው ላይ ወረደ።

«ትንፋሽሽ የነርስ ነው። ሰው ልታድኚ አይደለም፤ ቀስ።»

ከቆሙት መካከል አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፤ ልጃቸውም የጎማውን ቱቦ ከአፏ ሳታወጣ ሳቀች። ሰባት ደቂቃ አልፎ ነበር።

ሁለተኛውን ቱቦ አሞቁ። «ትንሽ» አሉ። «ትንሽ ጨምሪ። ያዢው። እንዳትተይው፣ እንዳትጨምሪውም። እንደዚያ።» ኳሱ ክብ እየሆነ መጣ፤ አንድ ጎኑ ላይ ግን ልጃቸው ትንፋሽ ስትሰበስብ የቀረ አነስተኛ እብጠት ነበረበት። እትዬ አዙሪ ወደ እሳቱ መልሰው ሊያስተካክሉት ሞከሩ። ከንፈራቸው ሰማያዊ እየሆነ ነበር።

«እማዬ፣ ይበቃል። አሥራ ሦስት ደቂቃ ሆነ።»

«አዙሬ ልጨርስ።»

አዙረው ጨረሱ። ኳሱን መስቀያው ላይ ራሳቸው ሰክተው፣ ጋዙን ራሳቸው ዘግተው፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ልጃቸው አቅፋ እንድታወጣቸው ፈቀዱ። መኪናው ውስጥ ኦክስጅኑ ተገጠመላቸው። ልጃቸው እንደነገረችን የመጀመሪያ ቃላቸው «ስድስተኛዋ ወንበሯን ዝቅ ማድረግ አለባት፤ ወገቧ ይጎዳል» የሚል ነበር። ወንበሩ ዝቅ ተደርጓል።

ሰኞ ዕለት ተመልሰው መጡ፤ የብር ውሃውን እኔ ራሴ ካልሞላሁ አሉ። ከእሳት ጠረጴዛዎቹ አርቀን ላይኛው ፎቅ ጠረጴዛ አዘጋጀንላቸው፤ ሲሊንደሩ አጠገባቸው ሆኖ ኳሷን አንቀጥቅጠው አበሯት። ቀለሟ ጥቁር አረንጓዴ እንዲሆን መረጡ። ቀለም ቀቢዋ «ስምዎን ልጻፍባት?» ስትላቸው «ስም ምን ይሠራላታል? ጎኗን አይተሽ አትለያትም?» አሏት። ወዲያው እዚያው የተከማቸውን የሳምንቱን ሥራ ደረጃ ማውጣት ያዙ። ተራዋ ሲደርስ አረንጓዴዋን ኳስ አንሥተው አንድ ጊዜ በብርሃን አዙረው አዩአትና «ሁለተኛ» አሉ፤ ከሁለተኛ ደረጃዎቹ ጋር አስቀመጧት። ቀለም ቀቢዎቹ ተያዩ። እሳቸው ያወጡትን ደረጃ የሚለውጥ ሰው ግን በማህበራችን ውስጥ ተወልዶ አያውቅም።

ማክሰኞ አሻጊው የሁለተኛ ደረጃውን ሥራ አሽጎ ለገበያ ሻጮች ላከ። ሐሙስ ልጃቸው ጥጥ የተነጠፈበት ትንሽ ካርቶን ይዛ ኳሷን ልትወስድ መጣች።

አሻጊው ሃያ ስድስት ዓመት አብሮን የኖረ፣ በአንድም ስህተት ተከሶ የማያውቅ ሰው ነው። «እኔ የማየው የካርቶኑን ቀዳዳ ነው» ይል ነበር ደጋግሞ። «አሥራ ሁለት ቀዳዳ፣ አሥራ ሁለት ኳስ። ፊታቸውን አላይም።» በዚያው ቀን ዕቃውን የወሰዱትን አራት ሻጮች በየገበያው ዞረን አገኘናቸው። ሦስቱ ሸጠው ጨርሰው ነበር። በአራተኛው ሻጭ ካርቶን ውስጥም አልነበረችም። በገበያዎቹ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ እስከ ዛሬ እንዳላገኘናት በይፋ እንገልጻለን።

ማን ይንገራቸው የሚለው አስጨንቆን ነበር። የነገረቻቸው ልጃቸው ናት።

«ሰበሯት?» አሉ እትዬ አዙሪ።

«አይ። ሸጧት።»

«በሁለተኛ ደረጃ?»

«በሁለተኛ ደረጃ።»

«እንግዲያው ማንም አልተታለለም» ብለው ሳል እስኪያስቆማቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ አሻጊው ቤታቸው እንዲመጣ አስጠሩት። ሄዶ በር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲቆም «ና ግባ። ቀዳዳ ባዶ ብትተው ኖሮ ነው የምቆጣህ» አሉት። ከዚያ ቀን በኋላ ሦስት ሳምንት ኖሩ።

ይህን መግለጫ ከማውጣታችን በፊት ፈቃዷን ለመጠየቅ ልጃቸውን ጠርተናት ነበር። የእናቷን ፋይል ሰጠናት። ሦስቱን ማመልከቻዎች አንድ በአንድ አነበበች፤ ኅዳጋቸውንም አነበበች። አልወቀሰችንም። ብትወቅሰን ይሻለን ነበር። ኳሷን ፍለጋ በሌሎች ከተሞችም እንደምንቀጥል ስንነግራት ግን ራሷን ነቀነቀች። ያለችውን በፈቃዷ እንዳለ አስፍረነዋል፦

«መፈለጉን ተዉት። ቤታችን የገና ዛፍ ኖሮን አያውቅም። እማዬ ቀኑን ሙሉ ኳስ ስታይ ውላ ቤት ስትገባ ማየት አትፈልግም ነበር፤ ገና ሲደርስ ደግሞ እሷን ራሷን የምናያት በስንት ጊዜ ነው። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሆን ብዬ መንገድ አረዝም ነበር፤ የሰው መስኮት እያየሁ። የእሷን ኳሶች በአንገታቸው አውቃቸዋለሁ፤ ከሌላው አጠር ይላል። አንድ ቤት አራት ቆጥሬአለሁ። ውጭ ቆሜ፣ እማዬ እዚህ ናት እል ነበር። አሁን ገዝቶ የሰቀለ ሰው ቤት ገብታችሁ ብትወስዱባቸው ምን ይባላል? እኔ እንደ ድሮዬ አያታለሁ።»

ማህበራችን ለልጃቸው፣ በትዕግሥት ለጠበቋቸው ቤተሰቦቻቸው፣ ለተማሪዎቻቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይመኛል። አሻጊያችንም ሥራው ላይ እንዳለ፣ ኮሚቴውም እትዬ አዙሪም በደል እንዳላገኙበት በዚሁ አጋጣሚ ያረጋግጣል። ከዛሬ ጀምሮ ለኮሚቴው የሚቀርብ የአባል ማመልከቻ በቀረበበት ስብሰባ ላይ «አዎ» ወይም «አይሆንም» የሚል መልስ እንዲያገኝ ተወስኗል።

በመጨረሻ ለሕዝብ የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። በዚህ ወር ከገበያ ከገዛችኋቸው ኳሶች መካከል ጥቁር አረንጓዴ፣ ምንም ሥዕል የሌለባት፣ አንገቷ አጠር ያለ፣ አንድ ጎኗ ላይ እብጠት ያላት ኳስ ብታገኙ እንድትመልሱልን አንጠይቅም። የእናንተ ናት። ብቻ ከቻላችሁ ከመንገድ በሚታይ መስኮት አጠገብ ስቀሏት፤ መጋረጃውንም ጥቂት ገለጥ አድርጉት። ከሆስፒታል ሥራዋን ጨርሳ በእግሯ የምትመለስ ሰው አለች።